ዳልቻ የተፈታበት ሜዳ

ይድረስ ለአባቴ ለምቱንዚ፤ ፔዲ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ቤት።

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዳሌዎ እንዴት ነው? ሲነሱ ሲቀመጡ አሁንም ያስጨንቅዎታል ወይስ የበጋው ሙቀት ትንሽ አላላልዎ? እማማስ እንዴት ናት? ዓይኗ ተሻላት? ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንደምን አላችሁ? ዝናብ ጣለላችሁ? በቆሎው እሸት ያዘ? እኛ ያለንበት አገር ሰማዩ ከነጋ እስኪመሽ አንዲት ደመና አያሳይምና፣ እናንተ ጋ ዘነበ ብላችሁ ብትጽፉልኝ ሳልጠጣ ጥሜ ይቆረጣል።

እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍ እርስዎ ውሸት ከሩቅ ይሸትዎታል። ደክሞናል አባባ። አድረን ስንነሳ የሚለቀን ዓይነት ድካም አይደለም፤ ከእኛ ጋር ተኝቶ ከእኛ ጋር የሚነሳ ነው። ወንድሜ ሲቴምቤሌ ይህን ሲያነብልዎ አይጣደፍ፤ እርስዎም ቁጭ ብለው ይስሙት። ሰው አልሞተብንም፤ እሱን አስቀድሜ ልንገርዎ። ባሌ ማንጋሊሶም፣ በሬዎቹን ከፊት የሚመራልን ሽማግሌው ራዴቤም፣ እኔም በእግራችን ቆመናል። እርስዎ የሰጡኝ በሬ፣ ዳልቻ ግን የለም። እንዴት እንደሆነ ሌላ መንገደኛ አጣምሞ ከሚነግርዎ ከእኔ ይስሙት።

ከወደቡ ዱቄትና ቆርቆሮ ጭነን ወደ አልማዙ ቁፋሮ ስንነሳ ነገሩ ሁሉ ደህና ነበር። የክራዶክን ከተማ እንዳለፍን ግን ምድሩ ሌላ ሆነብን። ሣር የሚባል የለም። ቁጥቋጦው ራሱ እጅ ሲነካው ዱቄት ይሆናል። በየማረፊያው ያለፉ ጋሪዎች የጋጡት መሬት እንደተላጨ ራስ አግጦ ነው የሚጠብቀን። እርስዎ ያስተማሩትን ሥርዓት ያውቁታል፤ ገና ጎህ ሳይቀድ መጥመድ፣ ፀሐይ ስትከር መፍታት፣ በሬዎቹ ግጠውና ተጋድመው እስኪያመሰኩ መጠበቅ፣ ጥላ ሲረዝም እንደገና መጥመድ። ማንጋሊሶ ይህን ያጣዋል እንዳይሉ። ግን ከወደ ላይ የሚመጡ ጋሪ ነጂዎች፣ በተራራው በኩል ደመና አይተናል፣ ኦሬንጅ ወንዝ ከሞላ ወር ሙሉ ዳር ላይ ትቀመጣላችሁ እያሉ አስፈራሩት። ከዚያ ወዲያ ልቡ አላረፈም። የቀትሩን ዕረፍት ማሳጠር ጀመረ። በሬዎቹ ገና ጉልበታቸውን አጥፈው አመስኩተው ሳይጨርሱ፣ ጅራፉን ከጋሪው ጎን እየነቀለ፣ "ኖንዛሜ፣ ገንፎውን በእጅሽ ያዥው፤ እየሄድን እንበላለን" ይለኛል።

ራዴቤ ደግሞ ምላሱን ያውቁታል። "እኔስ እየሄድኩ እበላለሁ፤ በሬ እየሄደ ሲያመሰኳ ግን በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ አላየሁም" ይለዋል።

"አንተ ሽማግሌ፣ ወንዙ ሲሞላ እየዋኘህ ታሻግረኛለህ?"

"አንተንስ አላሻግርህም፤ ከባድ ነህ። ሚስትህን ግን ጀርባዬ ላይ አዝላታለሁ።"

በዚህ እየሳቅን ጥቂት ቀን ተጓዝን። ሳቁ ግን እያደር ቀነሰ። ቀንበር ስፈታ የበሬዎቹን ጫንቃ በእጄ እዳብሳለሁ፤ ቆዳው ተልጦ ውሃ አዝሏል። ማነቆውን ነቅዬ ጠፍሩን ሳላላለት እንደ ወትሮው ራሱን ነቅንቆ የሚሄድ ጠፋ። ከተፈቱም በኋላ ቀንበሩ በላያቸው ያለ ይመስል እዚያው ቆመው ይቀራሉ።

እኔ አግብቼ ከቤትዎ ስወጣ ባዶዬን እንዳልሄድ ብለው የሰጡኝ ዳልቻና ቦራ እንደ ወትሮው ከሁሉም ኋላ፣ ከጋሪው ጋር በተያያዘው ረጅም ግንድ ላይ ተጠምደው ነበሩ። ቁልቁለት ሲሆን ያን ሁሉ ጭነት በገዛ ጫንቃቸው የሚይዙት እነሱ ናቸው። አንድ ቀን በቀትር ዕረፍት ላይ ቦራ ተጋደመ፤ ዳልቻ ግን አልተጋደመም። ክርኑን ከጎኑ አርቆ፣ አንገቱን ወደ ፊት ዘርግቶ ቆሞ ቀረ። ውሃ ይዤለት ስጠጋ ሳለ። ደረቅ፣ አጭር ሳል። ቀና ብዬ ሳይ ማንጋሊሶ የጋሪውን እግር በስብ እየቀባ ነበር፤ እጁ ቆመ። ራዴቤም ከጥላው ሆኖ ወደ እኛ አየ። አባባ፣ በዚያች ሰዓት ሦስታችንም አውቀነዋል። የበሽታውን ስም የጠራ ሰው ራሱ ያመጣው ይመስል ሁላችንም አፋችንን ዘጋን።

በማግስቱ ጠዋት ገና ቅዝቃዜው ሳይለቅ ሲያስል እኔው ተናገርኩ። "ማንጋሊሶ፣ ይህ በሬ ታሟል" አልኩት።

"አቧራ ነው።"

"ሌሎቹስ ምን ይተነፍሳሉ? ወተት?" አለ ራዴቤ።

ማንጋሊሶ ጅራፉን መሬት ላይ ወረወረው። "ታዲያ ምን ላድርግ? ንገሩኝ! እዚህ ልፍታቸው? ውሃ የት አለ? በርሜሉ ደርቋል። የምንደርሰው ብቸኛው ግራር የሚባለው ማረፊያ ነው፤ ሌላ ውሃ የለም። እዚያ ደርሰን እናያለን" አለ። እውነቱን ነበር፤ ሌላ ውሃ አልነበረም። እኛም ጠምደን ሄድን። ዳልቻን ፈትተን ከኋላ አሰርነው፤ በቦታው ከመካከል አንዱን በሬ አመጣን።

ብቸኛው ግራር የሚባለውን እርስዎ በጉብዝናዎ ወራት አልፈውበት ይሆናል። ዛሬ እርሻው ሊያ የምትባል አንዲት ባልቴት ናት የያዘችው፤ በጎች ታረባለች። ማረፊያው ግን እንደ ጥንቱ የመንገደኛ ሁሉ ነው፤ ግድቡም ለመንገደኛ ከብት ክፍት ነው። ፀሐይ አናት ላይ ሆና ስንቃረብ አንድ አምስት ስድስት ጋሪ ሸራቸው ነጥቶ ታየን። በሬዎቻቸው ተፈትተው በግድቡ ዳር ተበትነዋል። ነፋሱ ከውሃው ወደ እኛ ነፈሰ፤ የእኛዎቹ ሸተታቸው። ከትናንት ጀምሮ ጠብታ ያልቀመሱ ከብቶች ናቸው። ያ ሁሉ ድካም ወዴት እንደገባ እንጃ፣ ማንም ጅራፍ ሳያሳያቸው ጋሪውን ይዘው መሮጥ ጀመሩ። ራዴቤ መሪውን ጠፍር ይዞ በእግሩ እየተጎተተ ነው።

አንድ ሰው ከጋሪዎቹ መካከል ወጥቶ ባርኔጣውን እያውለበለበ መጣ። ክላስ ይባላል፤ ግሪኳ ከሚባለው የአገሩ ሕዝብ የሆነ፣ ሆዱ የሰፋ፣ ድምፁ እንደ ነጋሪት የሆነ ጋሪ ነጂ ነው። በዚህ መንገድ ከማንጋሊሶ ጋር ይተዋወቃሉ። "ና ግባ ወንድሜ! ውሃ ሞልቷል! ቦታ ይዤልሃለሁ!" እያለ ይጮሃል።

ራዴቤ ወደ ኋላ ዞር ብሎ፣ "ማንጋሊሶ፣ ወዴት ልምራ?" አለ። ቀልድ በድምፁ ውስጥ አልነበረም።

እኔ በጋሪው ጎን እየሮጥኩ የባሌን ፊት አየሁ። አልዋሽዎትም፣ ዝም ብሎ የሚገባ መስሎኝ ነበር። ቢገባ እኔ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። ምናልባት እኔም ዝም እል ነበር። ውሃው ይታያል፤ ዳክዬ እንኳ ይዋኝበታል። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደም ቋጥሯል። ድንገት ከጋሪው ፊት ዘልሎ ወረደና ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ "ክላስ፣ ተመለስ! አትቅረበኝ! ከብቶችህን ሰብስብ፣ የሳንባ በሽታ የያዘው በሬ አለኝ!" ብሎ ጮኸ።

ክላስ ባርኔጣውን እንዳነሳ ቆሞ ቀረ። ከዚያ የሆነውን ምን ብዬ ልጻፍልዎ። ሰዉ ተንጫጫ። ገሚሱ በሬውን ሊሰበስብ ሮጠ፣ ገሚሱ ጠመንጃ አወጣ። አንዱ፣ "አንድ እርምጃ ብትጨምር የፊት በሬህን ነው የምመታው!" ይላል። እኛ ደግሞ የተጠሙ ከብቶችን ከውሃ ሽታ መልሰን ማዞር ነበረብን። ራዴቤ በፊት በሬዎቹ ቀንድ ላይ ተንጠለጠለ። ማንጋሊሶ በጅራፉ እጀታ አፍንጫቸውን ይመታል፤ በሕይወቱ የበሬ ፊት መትቶ የማያውቅ ሰው። እኔ ቀሚሴን አውልቄ በሸሚዜ ብቻ ቀርቼ፣ ቀሚሱን በዓይናቸው ፊት እያራገብኩ አባረርኳቸው። ይጮሁ ነበር አባባ። በሬ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ነፋሱ ከእነሱ ወደ እኛ በሚነፍስበት በኩል፣ ደረቅ ሜዳ ላይ፣ ከሰው ሁሉ ርቀን ፈታናቸው። ቀንበሮቹ ሲወድቁ አንዳቸውም አልሄዱም፤ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ግድቡ አዙረው ቆሙ።

ማንጋሊሶ ከጋሪው ሥር ተቀምጦ፣ "ገደልኳቸው" አለ። "በውሸት ቢሆን ጠጥተው ነበር፤ በእውነት ገደልኳቸው።" ራሱን ይዤ ጉልበቴ ላይ አስደገፍኩት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከእርሻው በኩል አንዲት ጋሪ መጣች። ባልቴቷ ሊያ ነበረች፤ ራሷ እየነዳች፣ ጥቁር ቆብ አድርጋ፣ በርሜሎች ጭና። ከኛ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ርቀት ላይ ቆማ በርሜሎቹን አንከባልላ አወረደቻቸው። "ይህ ለእናንተ አይደለም፤ ለበሬዎቹ ነው!" ብላ ጮኸች። "እናንተማ ይህን መቅሠፍት ይዛችሁ ደጄ ድረስ መምጣታችሁ! ባሌ በሕይወት ቢኖር ይተኩስባችሁ ነበር። እኔ ደግሞ ተኩሼ የማውቀው ቀበሮ ብቻ ነው። በርሜሎቹን እንዳትመልሱልኝ፤ የነካችሁትን ዕቃ አልፈልግም። ነገ ሌላ አመጣለሁ።"

ራዴቤ ባርኔጣውን አውልቆ፣ "እመቤቴ፣ ቀበሮው እኔ ብሆን ኖሮ ለዚህ ውሃ ስል ቆሜ እጠብቅሽ ነበር" አላት። ሳቀች ወይስ አልሳቀች በቆቧ ምክንያት አላየሁም። ግን በማግስቱም መጣች፤ ከዚያም በኋላ ሳታቋርጥ መጣች። እማማ በጸሎቷ ስሟን እንድታነሳልኝ ንገሯት፤ ሊያ ነው የምትባለው።

ዳልቻ ያን ምሽት ውሃውን አሸተተና ተወው። በነጋታው ጎኑ እንደ ወናፍ ይነፋል፤ ዓይኑ ጎድጉዷል። ሳይሞት መታረድ ነበረበት፤ የሌሎቹ መድኃኒት ያለው እዚያው በታመመው ሳንባ ውስጥ ነው፣ ያውቁታል። ማንጋሊሶ ቢላውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። "አባትሽ በእጃቸው ያሳደጉት ነው፤ አልችልም" አለ። ራዴቤ ቢላውን ወሰደ። እኔ ቀንዱን ያዝኩ። በጆሮው እርስዎ ያወጡለትን ስም ሁሉ እየጠራሁ፣ ትንሽ ሳለሁ ሲያወድሱት የሰማሁትን እንዳስታወስኩ ደገምኩለት። አልታገለም። ድካሙ ከእኛም የባሰ ነበር። ማንጋሊሶ ብርድ ልብሱን ራሱ ላይ ተከናንቦ ከጋሪው ጀርባ ቆመ። ማልቀሴን ለአባትሽ እንዳትጽፊ ብሎኛል።

ከሳንባው የወጣውን ውሃ በጣሳ ቀዳን። ክር እየነከርን፣ በመርፌ በእያንዳንዱ በሬ ጅራት ጫፍ አሳለፍን፤ በጅራቱ ትንሽ ታሞ የዳነ በሬ በሳንባው አይያዝም። ይህን ስናደርግ ክላስ ከሩቅ ሆኖ ያየን ነበር። ቀስ እያለ ቀረበና ቆመ። ያ ሁሉ ድምፁ ጠፍቶ፣ "ማንጋሊሶ፣ ከዚያ ነገር ይተርፋል?" አለ።

"ለምን? ትናንት በጠመንጃ አባረራችሁኝ አይደል?"

"እኔ ጠመንጃ የለኝም፤ ሆድ ብቻ ነው ያለኝ። ስማ፣ ዝም ብለህ ብትገባ ኖሮ ዛሬ ከብቶቻችን ሁሉ አብረው ይስሉ ነበር። ይህን ሁላችንም ሌሊቱን ስናወራው አደርን፤ የምንመጣበት ፊት አጥተን ነው። ግን ይህ በሽታ በአገሩ አለ፤ ነገ ከሌላ ጋሪ ያገኘናል። እባክህ ትንሽ ስጠን።"

ማንጋሊሶ ጣሳውን አየ። ከዚያ ሌላ ጣሳ ሞልቶ በሜዳው መካከል ድንጋይ ላይ አስቀመጠና ተመለሰ። ክላስ ወሰደው። ጠመንጃ ያወጣው ሰውዬም ክር ሊነክር ሲያጎነብስ አየሁት። ባልቴቷም ለጥቂት ላሞቿ ልካ አስወሰደች። የእርስዎ ዳልቻ፣ አባባ፣ በዚያ ማረፊያ ላሉት ከብቶች ሁሉ ደረሰ።

ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ነው። ጅራታቸው አበጠ፤ የአንዳንዶቹ በስብሶ ወደቀ። ሦስት በሬዎች ሞቱብን፤ ከመካከለኛዎቹ ነበሩ። የቀሩት ግን ቆሙ። የእኔን ቀን ልንገርዎ ብል ጠዋት ኩበት መልቀም፣ ቁስል ማጠብ፣ ዝንብ ማባረር፣ ውሃ በባልዲ ማመላለስ ነው። ማታ ክንዴ አይነሳልኝም። ወንዙ ያን ጊዜ ሞልቶ ነበር አሉ፤ አሁን ጎድሏል። እነክላስ የበሬዎቻቸው ጅራት እስኪድን ቆይተው፣ ከእኛ ጭነት እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ጆንያ ከፍለው ወስደው ለባለቤቱ እናደርሳለን ብለው ሄዱ። ማንም አልጠየቃቸውም። ክላስ ሲሄድ፣ "ሚስትህ ቀሚሷን አውልቃ በሬ ስትነዳ ማየቴን ኪምበርሊ ድረስ ነው የማወራው" ብሎ ማንጋሊሶን አናደደው። ቢቆጣም፣ ዳልቻ ከታረደ ወዲህ ባሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ማንጋሊሶ አሁን ሌላ ሰው ሆኗል። በቀትር ራሱ ከበሬዎቹ ጎን ይተኛል። አንድ ቀን ራዴቤ፣ "ተነስ፣ ጥላው ዞሯል፤ ትቃጠላለህ" ቢለው፣ "ተወኝ፣ እያመሰኳሁ ነው" አለው።

ከትናንት ወዲያ ጋሪውን ግማሹን ጭነን ልንነሳ ሞከርን። ቦራን በቦታው ልንጠምደው ጠራነው፤ መጥቶ በግራ በኩል ቆመ፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰጠን። ሌላ በሬ ከጎኑ ስናቆም ግን ወደ ኋላ ሸሸ። ቀየርንለት፤ እንደገና ሸሸ። አይዋጋም፣ አይራገጥም፤ ይወጣና ይቆማል። ራዴቤ ጅራፍ ሊያነሳ ነበር። ማንጋሊሶ እጁን ያዘው። "ተወው። ይህ በሬ ተፈቷል" አለ። ሌላ ጥማድ ከኋላ አስገብተን ተነሳን።

ቦራ ሳይታሰር ከጋሪው ኋላ ይከተለናል፤ ማንም አይነዳውም። ስንቆምና ቀንበር ስንፈታ ግን እየተራመደ ወደ ፊት ይመጣል። በግራ በኩል፣ በድሮ ቦታው ይቆማል። በቀኙ የዳልቻን ስፋት ያህል ቦታ ይተዋል። እዚያ ቦታ ላይ ሌላ በሬ አይቆምበትም፤ እኛም ባልዲ አናስቀምጥበትም።

ከቤት ሌላ በሬ እንልካለን ብላችሁ እንዳትቸገሩ፤ የበሽታው ወሬ እስኪጠፋ ምንም ከብት በዚህ መንገድ አታውጡ። እኛም ወደ በረታችሁ ቶሎ አንመጣም። ከወንዙ ማዶ ደህና ሣር ያለበት ቦታ ካገኘን ክረምቱን እዚያ እናሳልፋለን። አባባ፣ ዳልቻን አደራ ብለው ሰጥተውኝ ነበር። አደራዎን በቀንዱ ይዤ ነው የሸኘሁት። በመጨረሻው ሰዓት የነካው የቤተሰብ እጅ የእኔ ብቻ ነበር።

እማማን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ለሲቴምቤሌ፣ በሚያነበው መሃል ድምፁ ከተቋረጠ እንዳያፍር ንገሩት፤ እኔም ስጽፍ ብዙ ጊዜ ቆሜያለሁ። ለትንሿ እህቴ ለኖባንቱ ሰላም በሉልኝ፤ ማንጋሊሶ ከባልቴቷ ቤት የበግ ፀጉር ለምኖ ኮፍያ እየሠራላት ነው፤ ቅርጹ ግን ምን እንደሚመስል አይጠየቅም። ለአክስቴ፣ ለጎረቤታችን ለማምፔምቩ፣ ስለ እኔ ለሚጠይቅ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። ራዴቤ እርስዎን፣ "ያ የሰነፍ ዳሌ ሲድን መጥቶ ይምራልኝ፤ እኔ በዕድሜ ከእሱ አንሳለሁ ወይ?" ብሏል። ማንጋሊሶ ቃል እንዲልክ ብጠይቀው ብዙ ጊዜ አሰበና፣ "ከተወለድኩ ጀምሮ አባት አልነበረኝም፤ አባትሽ አባት ሆኑኝ፤ አሁን ፊታቸውን እንዴት አያለሁ በይልኝ" አለ። እንዴት እንደሚያይ እርስዎ ይጻፉለት።

ልጅዎ ኖንዛሜ።

ከኮልስበርግ መንገድ፣ ከኦሬንጅ ወንዝ ወዲህ፣ በሬዎቹ ተፈትተው ሳሉ፤ በየካቲት ወር 1876።